አካሉ አሮጌ፣ ሆድ ዕቃው አዲስ

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍል «ኮ»ን ስናስተምር ቃል ስጡን አልን። አንዲት እናት «ኮሶ» አሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። ሌላው «ኮረብታ» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት «ኮምፒውተር» አለ። ቃሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራን አነበብነው። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ የምለው» አሉ ኮሶ ያሉት እናት። «ይኼ ኮምፒውተር የሚሉት ዕቃ ሲያረጅ ይጣላል ወይስ ይጠገናል?»

እኛ መልስ ሳንሰጥ አንድ ጋሼ ቀደሙን። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሰው ናቸው። «ምን ይጣላል! መኪና ሲደክም ሞተሩን አውርዶ ሌላ መጫን ነዋ። ቦዲው እስካልበሰበሰ ድረስ ይሄዳል» አሉ።

እናትየዋ አላመኑም። «እሱ መኪና ነው፤ ይኼ ሌላ ነው» አሏቸው። ሁለቱ ተከራከሩ። ሰዓቱም አለቀ። መልሱን በዚህ ጋዜጣ እንጽፋለን ብለን ቃል ገባን። እነሆ ቃላችን።

ባጭሩ ጋሼ ልክ ናቸው። ኮምፒውተርም «ሞተሩ» ይወርዳል፤ ሌላም ይጫንበታል። ይሁን እንጂ ሞተሩን እንዳያወርዱበት ተብሎ የተቆለፈ ኮምፒውተር ነበር። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሌዳው ምንድን ነው?

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲከፈት በውስጡ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ባለሙያዎች «ማዘርቦርድ» ይሉታል። እናት ሰሌዳ ማለት ነው። እናት የተባለው ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ከሱ ጋር ስለሚያያዙ ነው።

በሰሌዳው ላይ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ መንገድ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ይሄድባቸዋል። በመንገዶቹ ዳር ጥቁር፣ ትናንሽ፣ እግራቸው የበዛ ነገሮች ተተክለዋል። ሲያዩአቸው አባ ጨጓሬ ይመስላሉ። ስማቸው ቺፕ ነው። አንዱ ቺፕ ያስባል። ሌሎቹ ያስታውሳሉ። «ያስባል» ስንል እንደ ሰው ማለታችን አይደለም። ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያወዳድራል። ብቻ በጣም ይፈጥናል።

ማስታወሱን ግን ልብ በሉ፤ የዛሬው ወሬ ሁሉ የሚዞረው በሱ ላይ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን፣ ማሰሻውን፣ ሰፌዱን አጠገቧ ታደርጋለች። ቦታው ከጠበባት ግን አንዱን አንስታ ሌላውን ታስቀምጣለች። ሥራው ይጓተታል፤ ምጣዱም ያርራል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የያዘውን ሥራ ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ይህን ቦታ «ሜሞሪ» ይሉታል። ሜሞሪው ከጠበበ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራ ያቅተዋል።

የተቆለፈው ሣጥን

እንግዲህ ወደ አሜሪካ አገር፣ ወደ ካሊፎርኒያ እንሻገር። በዚያ አፕል የሚባል ኩባንያ አለ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1984 ይህ ኩባንያ «ማኪንቶሽ» የተባለ ኮምፒውተር ለገበያ አወጣ። ዋጋው 2,495 ዶላር ነበር። ያኔ ይህ ለአንድ አሜሪካዊ ሠራተኛም ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ማኪንቶሽ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ ሣጥን ነው። ስክሪኑም፣ ሰሌዳውም፣ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያውም በዚያው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከላይ መያዣ አለው፤ እንደ ሻንጣ አንስተው ይዘውት ይሄዳሉ። በስክሪኑ ላይ ሥዕል ይታያል። ሰውየው በማውስ ሥዕሉን እየነካ ያዘዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው በጽሑፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ወደደው።

ችግሩ ሜሞሪው ነበር። 128 ኪሎባይት ብቻ ነው ያለው። ይህ ስንት ነው? በቁጥር 131,072 ባይት ነው። አንድ ባይት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይይዛል። «ታዲያ መቶ ሺህ ፊደል ምን አነሰ?» ትሉ ይሆናል። ትንሽ አይመስልም፤ ነገር ግን በሥዕል የሚሠራ ኮምፒውተር በላተኛ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ብቻውን 21,888 ባይት ይወስዳል። ኮምፒውተሩን የሚመራው ፕሮግራም ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባለቤቱ ለሚሠራው ሥራ የሚተርፈው ጠባብ ቦታ ነው።

የዲስክ ማስገቢያውም አንድ ብቻ ነበር። የአንዱን ዲስክ ጽሑፍ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ኮምፒውተሩ ሜሞሪው የቻለውን ያህል ያነባል። ከዚያ «ሌላውን ዲስክ አስገባ» ይላል። ጥቂት ይጽፋል። እንደገና «የፊተኛውን መልስ» ይላል። በአንኮላ ከጋን ወደ ጋን ጠላ እንደመቅዳት ነው። ሰውየው ዲስክ ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል።

ታዲያ ሜሞሪ ለምን አይጨምሩበትም? ጥያቄው ትክክል ነው። አፕል ከዚያ በፊት በ1977 ያወጣው «አፕል ሁለት» የተባለው ኮምፒውተር ክዳኑ በእጅ ይነሣ ነበር። በውስጡም ተጨማሪ ሰሌዳ የሚሰካባቸው 8 ቦታዎች ነበሩት። የገዛው ሰው እንደ አቅሙ ይጨምርበታል። ማኪንቶሽ ግን አንድም እንዲህ ያለ ቦታ አልተሰጠውም።

ሣጥኑን የሚይዙት 5 ብሎኖች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ከመያዣው ሥር በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረዋል። ተራ ካቻቢቴ አይደርስባቸውም። ቢደርስም አይገጥምም፤ የብሎኖቹ ራስ እንደ ኮከብ የተቀረጸ ነውና። አንዱ ብሎን ደግሞ ከባትሪው ክዳን በስተውስጥ ተደብቋል። ይህን የማያውቅ ሰው አራቱን ፈትቶ ሣጥኑ አልከፈት ሲለው ይታገላል፤ ፕላስቲኩንም ይሰነጥቃል።

እንዲህ እንዲሆን የፈለገው ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ቤት ዕቃ ይሁን አለ። ገዝተህ ትሰካዋለህ፣ ትሠራበታለህ፣ ውስጡን አታይም። እኛ ይህን ሐሳብ በሙሉ አንነቅፈውም። በሣጥኑ ውስጥ የስክሪኑ ጠርሙስ አለ፤ በሱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት በላይ ነው። ሕፃን እጁን ቢሰድስ? ነገር ግን አደጋ ያለበትን ነገር መዝጋት አንድ ነው። ሰውየው የገዛውን ዕቃ እንዳያሳድግ መከልከል ሌላ ነው። በአንድ ብሎን ሁለቱም ተቆለፉ።

ሥራ ፈቷ እግር

የማኪንቶሽን ሰሌዳ የነደፈው በረል ስሚዝ የተባለ ወጣት ነው። ታሪኩን ስናነብ ደስ አለን። በ1979 ወደ አፕል ሲገባ መሐንዲስ ሆኖ አልነበረም። የተበላሹ ኮምፒውተሮችን የሚጠግን ሠራተኛ ሆኖ ነው። እየጠገነ ሰሌዳውን አጠና። የመዳቡን መንገዶች ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ እንደ መጽሐፍ አነበበ። ሙያውን ያዩ ባልደረቦቹ ወደ አዲሱ ሥራ ወሰዱት።

በረል አንድ ነገር አሳሰበው። 128 ኪሎባይት ብዙም ሳይቆይ እንደሚጠብ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለመፈተሻ የሚሆን መሰኪያ ነው ብሎ የማስፋፊያ ቦታ በሰሌዳው ላይ ለማስገባት ሞከረ። አለቆች ነቁበትና አስወጡት።

በረል ግን ሌላ ዘዴ ነበረው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና።

በሰሌዳው ላይ 16 የሜሞሪ ቺፖች አሉ። እያንዳንዱ ቺፕ 16 እግር አለው። አብዛኞቹ እግሮች ሥራ አላቸው፤ አንዱ ኤሌክትሪክ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል፣ ስምንቱ ደግሞ የቤት ቁጥር ይቀበላሉ። የቤት ቁጥር ስንል በቺፑ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ማስቀመጫዎች ቁጥር ነው። ከእግሮቹ አንዷ ግን በዚያ ቺፕ ላይ ሥራ ፈት ነበረች። ትቆማለች እንጂ ምንም አትሠራም።

በዚያን ጊዜ አራት እጥፍ የሚይዝ አዲስ ቺፕ ሊመጣ መሆኑ ይታወቅ ነበር። አዲሱም ቺፕ ቁመቱና ስፋቱ ያው ነው። እግሩም ያው 16 ነው። ልዩነቱ ያች ሥራ ፈት እግር በአዲሱ ላይ ሥራ ማግኘቷ ነው። እሷም የቤት ቁጥር ትቀበላለች። ሰፈር ሲሰፋ የቤት ቁጥሩ አንድ አኀዝ ይጨምር የለ? እንደዚያ ነው።

በረል ወደዚያች ሥራ ፈት እግር የሚሄዱ ጥቂት ቀጫጭን መንገዶችን በሰሌዳው ላይ ጨመረ። ለዛሬ ምንም የማይሄድባቸው መንገዶች ናቸው። ነገ ትልቁ ቺፕ ሲመጣ ግን ይሄድባቸዋል። ወጪያቸው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ባልደረባው አንዲ ኸርትስፌልድ በኋላ እንደጻፈው፣ ስቲቭ ጆብስ ይህንንም ተቃወመ። ሰው የኮምፒውተሩን ሆድ እንዲነካካ አልፈለገም። ትልቅ ሜሞሪ የሚፈልግ ሰው ትልቁን ኮምፒውተር ይግዛ የሚል ሐሳብም ነበረው። ይሁንና ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ መስመሮቹ ዝም ተብለው በሰሌዳው ላይ ቀሩ። ስለ እነሱም ለአለቃው ማንም አላነሣም።

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብየዳ

በሴፕቴምበር 1984 አፕል ባለ 512 ኪሎባይቱን ማኪንቶሽ አወጣ። የመጀመሪያው ከወጣ ገና 8 ወር አልሞላውም። በጥርና በየካቲት 2,495 ዶላር የከፈሉ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም። ኩባንያው «ሰሌዳችሁን እንለውጥላችኋለን» አለ። ለዚህም የጠየቀው ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበር።

በጃንዋሪ 1985 «ዶክተር ዶብስ ጆርናል» የሚባል የኮምፒውተር መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ማኪንቶሽን በገዛ እጅ እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል ያስረዳል። በረል ትቷቸው የነበሩት መንገዶች ይፋ ወጡ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። 16 ቺፕ በ16 እግር ሲባዛ 256 ይሆናል። 256 የብየዳ ነጥብ ማለት ነው። እያንዳንዱን በጋለ የመበየጃ ብረት ማቅለጥ፣ የቀለጠውን መምጠጥ፣ እግሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ መዳቡ ከሰሌዳው ይላቀቃል። መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። በችኮላ የጎተተውም ሰው መዳቡን ይዞት ይመጣል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች አሮጌውን ቺፕ ለማዳን አይሞክሩም። እግሮቹን ከላይ በጉጠት ይቆርጧቸዋል። የቺፑ አካል ይነሣል። ከዚያ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ እያቀለጡ ያወጣሉ። ቺፑ ይሞታል፤ ሰሌዳው ይተርፋል። በባዶው ቦታም ቺፑን በቀጥታ አይበይዱም። መጀመሪያ መሰኪያ ይበይዳሉ፤ ቺፑ በላዩ ይሰካል። እንዲህ ከሆነ ወደፊት አንዱ ቢበላሽ በእጅ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። ጥሩ ሠራተኛ ከሱ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝም ያስባል።

16ቱ ትልልቅ ቺፖች ከገቡ በኋላ አንድ ተጨማሪ ትንሽ ቺፕና ጥቂት ጥቃቅን ዕቃ በሰሌዳው ላይ ይበየዳል። ይህ ቺፕ ለዘጠነኛዋ እግር የቤት ቁጥሩን የሚያቀብል ነው። ሲበራ ደህና ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፈገግ ያለ የኮምፒውተር ሥዕል ይወጣል። ካልሆነ ያዘነ ፊት ይወጣል። ዓይኖቹም ሁለት የኤክስ ምልክት ናቸው። ከሥሩ ቁጥር ይጽፋል፤ ቁጥሩ የታመመው ቺፕ የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል።

ዋስትናው ግን ቀረ። ሣጥኑን የከፈተ ሰው ኩባንያውን «አድሱልኝ» ማለት አይችልም። ሰሌዳው ቢቃጠል 2,495 ዶላር ተቃጠለ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለራሱ ሳይደፍር ሙያ ላለው ሰው እየከፈለ ያሠራው። ለሙያተኛው ቢከፍልም ኩባንያው ከጠየቀው በጣም ያነሰ ነበር።

ሞተሩ ሲወርድ

ጋሼ ያሉት ሞተር ማውረድ ግን የሚመጣው በ1986 ነው። በጃንዋሪ ወር አፕል «ማኪንቶሽ ፕላስ»ን አወጣ። አካሉ የፊተኛውን ይመስላል። ሰሌዳው ግን ሌላ ነው። ሜሞሪው 1 ሜጋባይት ነው፤ ከመጀመሪያው 8 እጥፍ ማለት ነው። እስከ 4 ሜጋባይትም ያድጋል። ሜሞሪው ሰሌዳው ላይ የተበየደ አይደለም። በትናንሽ ጠፍጣፋ ካርዶች ላይ ሆኖ በመሰኪያ ይገባል። መበየጃ አያስፈልግም። ከጀርባውም ሃርድ ዲስክ የሚገናኝበት ፈጣን መሰኪያ አለው።

በዚህ ጊዜ ኩባንያው የድሮውን ባለቤት አልተወውም። የፕላስን ሰሌዳ ብቻውን ለአሮጌው ማኪንቶሽ አቀረበ። የ1984ቱ ሣጥን፣ የ1984ቱ ስክሪን፣ የ1986 ሰሌዳ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል ነው መጀመሪያ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ላይ በፊቱ ያስተኙታል። በረዥሙ ካቻቢቴ አምስቱን ብሎኖች ይፈታሉ። የኋላውን ሣጥን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያነሣሉ። እዚህ ላይ እጅ ይቀዘቅዛል። ከፊት የሚታየው የስክሪኑ ጠርሙስ ነው። አንገቱ ቀጭን ብርጭቆ ነው። በካቻቢቴ ወይም በክንድ ከተመታ ይሰበራል፤ ኮምፒውተሩም ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው። ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከተነቀለም በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ኃይል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሙያተኛው ኃይሉን በደንብ ወደ ብረቱ ሳያፈስስ አይነካውም። ይህን ያልተማረ ሰው ሣጥኑን ባይከፍት ይሻለዋል።

በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሰሌዳዎች አሉ። በጎን የቆመው ኃይል የሚያከፋፍለውና ስክሪኑን የሚነዳው ነው። እሱ አይነካም። ከሥር የተነጠፈው ዋናው ሰሌዳ ነው። ሁለት የሽቦ ገመዶች ይይዙታል፤ አንዱ ከኃይሉ፣ አንዱ ከዲስክ ማስገቢያው የሚመጣ። ሁለቱን ይነቅላሉ። ከዚያ ሰሌዳው በብረቱ ጎድጓዳ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። አዲሱ በዚያው መስመር ይገባል።

እጅም ንጹሕና የተዘጋጀ መሆን አለበት። ሱፍ ለብሰን የበር እጀታ ስንነካ ጠቅ የምታደርግ ነገር አለች፤ ታውቋታላችሁ። ለኛ ቀልድ ናት። ለቺፕ ግን መብረቅ ናት። ሠራተኛው ሰሌዳውን ከመያዙ በፊት ብረቱን ነክቶ ያቺን ኃይል ያራግፋል።

የኋላው ሣጥንም አብሮ ይለወጣል። ለምን ቢሉ የአዲሱ ሰሌዳ መሰኪያዎች ከድሮው ቀዳዳዎች ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ኩባንያው ከሰሌዳው ጋር አዲስ የኋላ ሣጥን ይሰጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ከፊት ሲያዩት የ1984 ነው፤ ከኋላ ሲያዩት የ1986።

በዚህ በአዲሱ ሰሌዳ ላይ ለአንባቢ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ከሜሞሪ ካርዶቹ አጠገብ ትናንሽ፣ ባለ ቀለም ቀለበት ዕቃዎች የሚበየዱባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሬዚስተር ይባላሉ። ከአንዱ አጠገብ «256 ኪሎቢት»፣ ከሌላው አጠገብ «አንድ ረድፍ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ታትሟል። እነዚህ ለኮምፒውተሩ ስንት ሜሞሪ እንዳለው የሚነግሩ ምልክቶች ናቸው። ትልልቅ ካርዶች ያስገባ ሰው «256 ኪሎቢት» የሚለውን በፒንሳ መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠው ኮምፒውተሩ አራት ሜጋባይት ተሸክሞ አንድ ብቻ አለኝ ብሎ ያምናል። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ካርዱን ሰክቶ፣ ምንም ለውጥ አያይም። ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ሻጩን የሚጨቃጨቅም ይኖራል።

እንደ መሳቢያ

ሌላ ኮምፒውተር ጥቂት እንጨምር። በ1993 አፕል «ከለር ክላሲክ» የተባለ ትንሽ ባለ ቀለም ማኪንቶሽ አወጣ። በዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሰሌዳውን ለማውጣት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ካቻቢቴ አያስፈልግም። የጀርባው ክዳን ይነሣል፤ ሰሌዳው እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ይሳባል። የስክሪኑ ጠርሙስ ያለበት ክፍል ሳይከፈት ሥራው ያልቃል። ሁሉም ሣጥን እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ስንት ሰው ከድንጋጤ በዳነ።

የከለር ክላሲክ ጉዱ መልኩ ቆንጆ፣ ሰሌዳው ሰነፍ መሆኑ ነው። ሜሞሪው ከ10 ሜጋባይት በላይ አያድግም። በተለይ በጃፓን ይህን ሣጥን የሚወዱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እነሱም አንድ ነገር አገኙ። በ1994 የወጣው «ኤልሲ 575» የተባለው ትልቅ ኮምፒውተር ሰሌዳ ከትንሹ ሣጥን መሳቢያ ጋር ይገጥማል! አሮጌውን ስቦ ማውጣት፣ ይህን መግፋት ብቻ ነው። የሚያስበው ቺፕ ከ16 ሜጋኸርዝ ወደ 33 ይዘላል። ሜሞሪውም 36 ሜጋባይት ይደርሳል። እንዲህ የተለወጠውን ኮምፒውተር «ሚስቲክ» ብለው ሰየሙት።

ቀላል ነው ብሎ የቸኮለ ሰው ግን ይቀጣል። ዲስኩ ላይ ያለው መሪ ፕሮግራም የሚያውቀው የድሮውን ሰሌዳ ነው። አዲሱን ሲያይ እንግዳ ይሆንበትና አልነሣም ይላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከመለወጥ በፊት ሁለቱንም የሚያውቅ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ሞተር ከመውረዱ በፊት ሾፌሩ ይማር እንደማለት ነው። ደግሞም አንዳንድ ፕሮግራሞች 640 በ480 ነጥብ ያለው ስክሪን ይፈልጋሉ፤ የትንሹ ሣጥን ስክሪን 512 በ384 ነው። ይህንን ለማስተካከል የተነሡ ሰዎች ወደ ከፍተኛው ቮልት መንደር መግባት ነበረባቸው። መሳቢያው እዚያ አያደርስም።

ዛሬ እነዚህ ሣጥኖች ሁሉ አርጅተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች ትናንሽ የቆርቆሮ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች አሉባቸው። ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከዘመን ብዛት ይወጣና የመዳቡን መንገድ ይበላዋል። ስለዚህ አሁን አሮጌ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሰሌዳውን ማጠብና በርሜሎቹን በአዲስ መለወጥ ነው። የተረሳ ባትሪ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፈንድቶ ሰሌዳውን እስከነ ብረቱ የጨረሰበት ኮምፒውተር ጥቂት አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ከመላካችን በፊት ለማታው ክፍል ጮክ ብለን አነበብነው። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «እሺ፣ ጋሼ ረቱኝ» አሉ። ጋሼ ግን አልጨረሱም። «የወረደው ሰሌዳስ የት ገባ? ሞተርም ሲወርድ ብረቱ ይሸጣል እኮ» ብለው ጠየቁን።

እኛም ነገርናቸው። በ1986 ሰሌዳውን ያስለወጠ ሰው አሮጌውን ለሻጩ ያስረክብ ነበር፤ የውሉ ክፍል ነው። ያኔ ማንም አልቆጨውም። አሁን ግን የ1984ቱ የመጀመሪያው ማኪንቶሽ በሙዚየም የሚቀመጥ ዕቃ ሆኗል። የ1984 ፊት፣ የ1986 ሆድ ዕቃ ያለውን ሣጥን የያዙ ሰዎች የድሮውን ባለ 128 ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ያኔ እንዲወጣላቸው ከፈሉ፤ ዛሬ እንዲመለስላቸው ይከፍላሉ። ሰሌዳው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አልገጥም ብሏቸዋላ!» አሉ።